የግድግዳዬ ጣዝማ

ልጆቻችሁን በምሳሌ የምትመክሩ አባቶች፣ ከመምከራችሁ በፊት ምሳሌውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። እኔ ሳላይ መክሬ ግድግዳ ፈርሶብኛል። ያውም አዲስ የተለሰነ ግድግዳ።

ምክር እወዳለሁ፤ መስጠቱን ማለቴ ነው። ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል፣ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ከሚውሉበት መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት አለኝ። ጎማው ተፈትቶ መሬት ላይ የተኛበት ሾፌር የትም ሊሄድብኝ ስለማይችል፣ ጠግኜ እስክጨርስ ድረስ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ትዳርና ስለ ጫት እመክረዋለሁ። አንዳንዱ «ይበቃል ጋሼ፣ የቀረውን መንገድ ላይ አስብበታለሁ» ብሎ ማስቲሹ ሳይደርቅ ይነሣል። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። እንግሊዝኛን የተማርኩት ጎማ ጎን ላይ ከተጻፈው ነው፤ ስዋሂሊን ደግሞ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ ጥረት ነው። በራሱ ጥረት ያወቀ ሰው ደግሞ አንድ ችግር አለበት፤ ስሕተቱንም እንደ ንብረቱ ይሳሳለታል።

ነገሩ የተነሣው ልጄ ምሕረት ሥራ በማግኘቷ ነው። መምህርነት ተምራ ከጨረሰች በኋላ ብዙ በር አንኳኩታ፣ በመጨረሻ ሶሎሎ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ተቀበላት። ደስ አለኝ፤ ለሚያልፈው ለሚያገድመው ሾፌር ሁሉ ተናገርኩ። ቀጥላ ግን እዚያው ሶሎሎ ለብቻዋ የምትኖርበት አንድ ክፍል ቤት መከራየቷን ነገረችኝ። ደስታዬ እንደ ተወጋ ጎማ ተነፈሰ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ ካልተገኘች ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ይህን የሰማሁት ማክሰኞ ነው። እንግዲህ እኔን እሺ ለማሰኘት የቀራት ያ ሳምንት ብቻ ነበር፤ እኔም እምቢ ብዬ ለመዝለቅ የቀረኝ ያው ነው።

ሶሎሎ ሩቅ አገር አይደለም። መንገዱ ጎማ ይበላል፤ በዚህ ደግሞ ልቀየመው አልችልም፣ እንጀራዬ እሱ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ሌሊቱ ነው። ሴት ልጄ በማታውቀው ሰፈር ለብቻዋ በር ዘግታ ስታድር ታየኝ። ይህንኑ በቀጥታ ብናገር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እኔ ግን ንብን አነሣሁ።

«ንብን ተመልከቱ» አልኩ እራት ላይ ጣቴን ቀስሬ። «ብቻዋን የምትኖር ንብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለችም። ንብ የበረታችው በቤተሰብ ስለምትኖር ነው። ከቀፎዋ የወጣች ንብ ትሞታለች።»

እውነቱን ለመናገር ንብ አርብቼ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ አንዷ ጆሮዬ ሥር ነድፋኛለች፤ ትውውቃችን ያ ብቻ ነው። ባለቤቴ ወርቅነሽ ወጥ እየጨመረች፣ ንብ ዲፕሎማ ይዛ ቤት አትቀመጥም አለች። ምሕረት እጇን ታጥባ ተነሣች። ይህች ልጅ ሳትከራከር ስትነሣ ከእናቷ ንግግር ይልቅ ትከብደኛለች።

ነገሬ ምክር ብቻ እንዳይመስል ክፍሏን አደስኩላት። ማንያታ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን የጭቃ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሥራዬን ዘግቼ ግድግዳዋን ከውስጥ በኩል ለሰንኩት፤ በደንብ ሳይደርቅ ኖራ ቀባሁት። ክፍሉ ሙሽራ የሚገባበት መሰለ። በውጭ በኩል፣ ድሮ የልብስ ማስጫ ገመድ የታሰረበት ሚስማር ወልቆ የቀረ ቀዳዳ ነበረበት። እሱን አልደፈንኩትም፤ በውጭ በኩል የሚኖር የለም ብዬ።

በዚያ ሰሞን ከጎረቤታችን ከማማ ሀሊማ ጋርም ተኳርፈን ነበር። ማማ ሀሊማ የግመል ወተት ነጋዴ ናት። በእሷና በእኛ ግቢ መካከል ያለውን አጥር ቀይ አበባ አልብሳዋለች፤ ውኃ በጄሪካን በሚገዛበት ሰፈር አበባ ማጠጣት እንዴት ያለ ልብ እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። የዚያ አበባ ቅጠል ዳር ዳሩን ይቆረጥ ጀመር። እሷም ፍየሌን ጠረጠረች። አንድ ቅጠል ይዛ ጎሚስታው ድረስ መጣችብኝ። ቅጠሉ ሳንቲም አስቀምጠው ዙሪያውን በመቀስ የቆረጡት ይመስላል።

«ባባ ምሕረት፣ ፍየልህ አበባዬን ጨረሰ» አለችኝ። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ወንድና ሴት ላይ ብቻ አትጨነቅም።

«እንዲህ አድርጋ የምትቆርጥ ፍየል ብትኖረኝ ልብስ ሰፊ ቤት አስቀጥራት ነበር» አልኳት።

አልሳቀችም። ለጉርብትናው ስል ፍየሏን አሰርኳት። ያለ ፍርድ ነው የታሰረችው።

ሐሙስ ቀን ግርማን ምሳ ጋብዤ ቤት ወሰድኩት። ግርማ ከኢትዮጵያ ናይሮቢ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የጉምሩክ ወረፋ ይዞት ሰንብቷል፣ ሳልም ይዞታል። ግቢ ቆመን እጃችንን ስንታጠብ አንዲት ትንሽ ንብ መጥታ የሚስማሩ ቀዳዳ ውስጥ ጥልቅ አለች። ግርማ ሳሉን ዋጠ።

«ጋሼ፣ ጣዝማ» አለኝ በሹክሹክታ።

ጣዝማን ለማያውቅ ልንገረው። ከተለመደችው ንብ ያነሰች፣ የማትናደፍ፣ መሬት ውስጥ ማር የምትሠራ ፍጥረት ናት። ማሯ ቀጭን ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፤ ለሳል የሚያህለው የለም ይባላል። ችግሩ አለመገኘቱ ነው። ጣዝማ ፍለጋ የወጣ ሰው ጆሮውን መሬት ላይ ለጥፎ ይውላል፤ ማታ አፈር ለብሶ ባዶ እጁን ይገባል። እኔ የዚህ ማር ወሬውን እንጂ ማሩን ቀምሼ አላውቅም።

«ጣዝማ የምትኖረው መሬት ውስጥ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«የጭቃ ግድግዳ ምንድን ነው ጋሼ? የቆመ መሬት ነው።»

ብዙ ሰው አነጋግሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ ግን አላውቅም። አመንኩት። ንቢቱ ወጥታ ሄደች። ስትመለስ ሆዷ ሥር ክብ አረንጓዴ ቅጠል አቅፋ ይዛ ነበር፤ ይዛው ገባች። ጤነኛ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ፣ ማር የሚሠራ ፍጥረት ቅጠል ምን ያደርግለታል ብሎ ይጠይቃል። ግርማ፣ «ቤት እያደሰች ነው» አለ። እኔም ከልስን ሥራ ገና መውጣቴ ስለነበር ልቤ ራራላት፤ እንደኔው ቤተሰቧን ለማቆየት የምትደክም ናት አልኩ።

እንደ እውነቱ ከሆነ ከማሩ ይልቅ ያስደሰተኝ ሌላ ነው። ምሳሌዬ በገዛ ክንፉ በሮ መጥቶ ልጄ ግድግዳ ውስጥ ገባ። ምሕረትን ጠርቼ አሳየኋት።

«ይኸው» አልኳት። «የንብ ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ ቤት መርጦ አንቺ ክፍል ገባ። ይህ ምልክት ካልሆነ ምን ይሆናል?»

ጎንበስ ብላ ብዙ አየች። «አባዬ፣ እኔ ያየሁት አንዷን ብቻ ነው።»

«የቀሩት ውስጥ ናቸው። ጨዋ ቤተሰብ በር ላይ አይሰለፍም።»

«ቅጠሉስ?»

«ቅጠሉ የእነሱ የቤት ጉዳይ ነው» አልኳት።

የግርማ አፍና የግርማ መኪና እኩል ጭነት ይችላሉ። ወሬው በዚያው ቀን ጉምሩክ ሳይጠይቀው ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ ተሻግሮ፣ ከዚያ አድጎ ተመለሰ። በማግስቱ ጎሚስታ ቤቴ የመጣው ሰው ሁሉ ጎማው ደህና ነበር። አንዱ ጠርሙስ፣ አንዱ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ አንድ የመኪና ረዳት ደግሞ የዘይት ጄሪካን ይዞ መጣ። ምን ዓይነት ሳል ቢይዘው ነው ብዬ አሰብኩ። ደህና የነበረ አንድ የቦዳ ቦዳ፣ ሰው በኪራይ የሚጭን ሞተር ብስክሌት፣ ነጂ ከሩቅ እኔን ሲያይ መሳል ጀመረ። ለሁሉም ስለ ትዕግሥት መክሬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲመጡ ነገርኳቸው።

ማማ ሀሊማም መጣች። ግድግዳው ወደ እሷ ግቢ ስለሚያይ ማሩ እኩል ይካፈላል ባይ ናት። «ኑሱ ኳ ኑሱ» አለችኝ በስዋሂሊ፣ ግማሽ በግማሽ። ግድግዳ ወደየትም ቢያይ ማር አያካፍልም ብዬ ተከራከርኩ። እሷም ንቦቹ የማንን አበባ ቀስመው ነው ማር የሠሩት ብላ ጠየቀች። ያ ወር ደረቅ ነበር፤ በሰፈራችን ከእሷ አጥር ሌላ ያበበ ነገር አልነበረም። ተሸነፍኩ፤ ኑሱ ኳ ኑሱ ሆነ። ፍየሏ ግን አልተፈታችም።

ዓርብ ዕለት ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። ውስጡ ያጉረመርማል። ወርቅነሽን ጠርቼ አስደመጥኳት፤ እሷም ሰማች። በሐሳቤ ማሩን በገንቦ መቁጠር ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ በሰፈሩ መብራት ጠፋ፤ ንቦቹም ጸጥ አሉ። መብራቱ ሲመጣ እነሱም ቀጠሉ። ወርቅነሽ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የእህል ወፍጮ እያየች፣ እነዚህ ንቦች በመብራት ነው እንዴ የሚሠሩት ብላ ጠየቀችኝ። ያልሰማሁ መሰልኩ። ጣዝማ የሚፈልግ ጆሮ ለወፍጮ ቦታ የለውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ሞላ። ጎማ ከቸርኬ የማላቅቅበትን ረጅም ብረቴን ይዤ ቀረብኩ። አስቀድሜ ስለ ቤተሰብ አንድነት አጭር ንግግር አደረግሁ። አጭር ያልኩት እኔ ነኝ፤ ባለጄሪካኑ ጄሪካኑን ተንተርሶ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ከዚያ ቀዳዳውን ቀስ እያልኩ አሰፋሁት። አንድ ነገር ለስለስ አለብኝ፤ ፈርፈር ብሎ እግሬ ሥር ወደቀ። አላየሁትም፣ ዓይኔ ማሩ ላይ ነው። ብረቱ ጣት ያህል ገብቶ ቀዳዳው አለቀ። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ብቻ።

እዚህ ላይ መተው ነበረብኝ። ግርማ ግን ጣዝማ ከጥልቅ ነው የምትቀብረው አለ። ማማ ሀሊማ ወደ ታች አለች፤ የቦዳ ቦዳው ነጂ እየሳለ ወደ ጎን ጠቆመ። ሁሉንም ሰማኋቸው። ዕድሜውን ሲመክር የኖረ ሰው ለካ ሲመከር እምቢ ማለት አያውቅበትም። ወደ ታች ቆፈርኩ፣ ወደ ጎን ቆፈርኩ። በመጨረሻ ብረቱን ከአንዱ ቋሚ እንጨት ኋላ አስገብቼ፣ ጎማ እንደማወጣው ወደ ራሴ ፈነቀልኩት። ጎማ እንዲህ ሲያደርጉት ይወጣል። ግድግዳም ይወጣል።

መስኮቱን፣ ልስኑንና ኖራውን እንደያዘ እግራችን ሥር ተዘረጋ። አቧራው ሲነሣ ሁላችንም ሳልን፤ የቦዳ ቦዳው ነጂ ሳል እንኳ ያን ጊዜ እውነተኛ ሆነ።

አቧራው ሲገለጥ የልጄ ክፍል እንደ ሱቅ ፊት ወለል ብሎ ታየ። ምሕረት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ብርድ ልብስ እያጠፈች ነበር። እግሯ ሥር የተከፈተ ሻንጣ አለ። ከሻንጣው አጠገብ የከሰል ምድጃ፣ ድስት፣ ባዶ ጄሪካን፣ በጨርቅ የተቋጠረ ሽሮና በርበሬ። ቋጠሮውን አወቅሁት፤ የወርቅነሽ እጅ ነው። ወርቅነሽ ሰማይ ሰማዩን ታያለች። ለካ ሁሉም ተዘጋጅቶ አልቋል፤ የጎደለው የእኔ እሺታ ብቻ ነው፣ እሱንም ልጅቱ ልብሷን አጥፋ አስተካክላ ስትጠብቀው ነበር።

ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያየናል። «አንኳኩቼ መግባት ነበረብኝ» አልኳት።

ከዚያ ጭንቅ ያወጣችን ማማ ሀሊማ ናት። ከፍርስራሹ ውስጥ አንድ ነገር አነሣች። በቅጠል የተጠቀለለ፣ የሲጋራ ቁራጭ የሚያህል ነገር ነው። ክብ ክብ ሆነው የተቆረጡ ቅጠሎች አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ጥምጣም ተጠምጥመዋል። አገላበጠችው፣ አሸተተችው። አጥሯን አየች። ቀጥላ የታሰረችውን ፍየሌን አየች።

«አበባዬ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ምሕረት ብርድ ልብሱን አስቀምጣ፣ ግድግዳው በነበረበት በኩል ወጥታ መጣች። ጥቅሉን ተቀብላ በጥፍሯ ፈለቀቀችው። ውስጡ የተጠቀጠቀ በሶ የመሰለ ቢጫ ነገር አለ፤ ላዩ ላይ አንድ ነጭ ትል ተጋድሟል። ስለዚች ንብ ትምህርት ላይ ሳለች አንብባ እንደነበር፣ ቅጠሉን ያየች ዕለትም እንደጠረጠረች ነገረችን። ጣዝማ አይደለችም። ማር አትሠራም፣ ሰም የላትም፣ ቀፎ የላትም፣ ንግሥትም የላትም። ቅጠል በአፏ ቆርጣ ክፍል ትሠራለች፤ የአበባ ዱቄት በሆዷ እያመላለሰች ስንቅ ታስቀምጣለች፤ ስንቁ ላይ አንድ እንቁላል ትጥልና በቅጠል ትደፍነዋለች። ከዚያ ቀጥሎ ሌላ ክፍል። ሁሉንም ብቻዋን።

ግርማ ተስፋ አልቆረጠም፤ ቢጫውን በጣቱ ጫፍ ነክቶ ቀመሰ። «በሶ በሶ ይላል» አለና ሳለ።

ሰዉ ባዶ ዕቃውን ይዞ ተበተነ። ባለጄሪካኑን ቀስቅሰው ወሰዱት። ማማ ሀሊማ ወደ ፍየሌ ሄዳ ገመዱን በገዛ እጇ ፈታች፤ ከአጥሯም አንድ ቅርንጫፍ ሰብራ ዘረጋችላት። ፍየሏ ይቅርታውን እዚያው በላችው።

«ጭቃውንስ ኑሱ ኳ ኑሱ አንካፈልም?» አልኳት ማማ ሀሊማን።

«እሱ ያንተ ነው» አለችኝ።

እኔና ልጄ ብቻ ስንቀር ንቢቱ መጣች። ሆዷ ሥር ቅጠል አቅፋለች። ቀዳዳዋ የነበረበት ቦታ ላይ ስትደርስ አየር ላይ ቆመች። ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ተመልሳ እዚያው ቆመች። በሥራዬ ብዙ የተሰበረ ነገር አይቻለሁ፤ እንዲህ ሆዴን ያባባው ግን የለም። ቅጠሉን አልጣለችውም።

«ትሞታለች?» አልኩ።

«አትሞትም። ሌላ ቀዳዳ ትፈልጋለች።»

«ብቻዋን?»

«እስከ ዛሬም ብቻዋን ነበረች፣ አባዬ።»

ፍርስራሹ ላይ ተቀመጥኩ። «ልጆቿስ? ማን ያሳድጋቸዋል?»

«አታያቸውም። የሚበቃቸውን አስቀምጣ በሩን ዘግታ ትሄዳለች። እነሱ ጊዜያቸው ሲደርስ ከፍተው ይወጣሉ።»

«ይህማ ጭካኔ ነው።»

«ስንቁን ግን አታጎድልም» አለች።

ሌላ ምሳሌ ፈለግሁ። ጉንዳን ትዝ አለኝ። ስለ ጉንዳንም የማውቀው የነከሰኝን ያህል ብቻ ስለሆነ ተውኩት።

«እኔ እኮ የፈራሁት ሌሊቱን ነው» አልኳት። ከማክሰኞ ጀምሮ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም እፈራለሁ። ጥሩ ጓጉንቸር ግዛልኝ።»

ከፍርስራሹ የለቀምናቸውን ያልተጎዱ ጥቅሎች በአንድ አሮጌ ቱቦ ውስጥ ደርድረን አጥሩ ላይ አሰርናቸው። ማማ ሀሊማ ከእሷ በኩል ጥላ የሚያርፍበትን ቦታ አሳየችን። የፈረሰውን ግድግዳ በግርማ መኪና ሸራ ጋረድነው። እሑድ ጠዋት ሞያሌ ውስጥ ካለው ጓጉንቸር ሁሉ ከባዱን መርጬ ገዛሁ። በሚቀጥለው ሕይወቱ መልሕቅ መሆን የሚችል ነው። ሁለት መክፈቻ አለው። አንዱን ለምሕረት ሰጠኋት፤ ሁለተኛውን፣ ምናልባት ቢጠፋባት ብዬ፣ ኪሴ ከተትኩት። ማንም አላየኝም።

ከሰዓት በኋላ ሶሎሎ ገባን። ክፍሉን መረመርኩ። መስኮቱን ነቀነቅሁ፣ በሩን ገፋሁ፣ ግድግዳውን አንኳኳሁ። አከራይዋ ግድግዳ ሳንኳኳ ስታየኝ ወሬው እሷም ዘንድ ሳይደርስ እንዳልቀረ ከፊቷ ተረዳሁ፤ እጄን ሰበሰብኩ። ምድጃውን፣ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ወርቅነሽ በመጨረሻ የጨመረችውን በሶ አስገባን። ከዚያ ምክር ጀመርኩ፤ ስለ ከሰል ጭስ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ሰው። መሃሉ ላይ «አባዬ፣ መኪናው ይሄድብሃል» አለችኝ። ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። እግሬ የት እንደሚረግጥ በደንብ አልታየኝም።

ወደ መኪናው በእግሬ ስሄድ ግን ቀስ በቀስ በራሴ እየኮራሁ መጣሁ። ስንቋን አስቀምጫለሁ። በሯን ዘግቻለሁ። ዞር ብዬ አላየሁም። ያቺ ንብ የምታደርገው ይህንኑ አይደለም እንዴ እያልኩ፣ ለሚቀጥለው ሾፌር የምመክረውን በልቤ ሳሰናዳ ስልኬ ጠራ።

«አባዬ፣ የት ደረስክ?»

«መኪናው ጋ ልደርስ ነው። ምነው፣ ፈራሽ?»

«አልፈራሁም። ከውጭ ቆልፈህብኝ ሄደሃል።»

እጄን አየሁት። ማታ ማታ ጎሚስታ ቤቴን ስዘጋ እንደለመደው ጓጉንቸሩን አንጠልጥሎ ጠቅ አድርጎታል፤ እኔን አላማከረኝም።

«መጣሁ» አልኩ።

«መክፈቻው እኮ እኔ ጋ ነው» አለች። «በምን ልትከፍተው ነው?»

ኪሴን ዳበስኩ። ሁለተኛው መክፈቻ እዚያው ነው።

«ይገኛል» አልኳት።

ተመልሼ ከፈትኩ። ምሕረት በሩ ላይ መዳፏን ዘርግታ ቆማለች። እኔ አልመከርኩም። ሁለተኛውን መክፈቻ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። በሩን ራሷ ዘጋችው። መወርወሪያው ከውስጥ ሲገባ ቆሜ ሰማሁና ወደ መኪናው ሄድኩ።